አባ ኮዳው አይወርድ፣ ጀልባው አይሄድ

ተረት ተረት። የላም በረት ለማለት አፉን የከፈተ ካለ ይዝጋው፤ በዚህኛው ላምም በረትም የለም። ያለው አንድ አህያ ነው፣ እሱም እምቢ ያለ።

ሃዋሳ ውስጥ እንድሪያስ የሚባል ብሎኬት ተሸካሚ ነበር አሉ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ብሎኬት ሦስተኛ ፎቅ ያወጣል፣ እሁድ ይተኛል። እንቅልፍ ሲባል ደግሞ ዝም ብሎ እንቅልፍ አይደለም፤ አከራይዋ በበር ቀዳዳ አጮልቃ መተንፈሱን የምታረጋግጥለት ዓይነት ነው።

አንድ እሁድ ግን ይሄ እንቅልፍ ቀረ። እናቱ ዳመነች ከቦዲቲ ልትጠይቀው መጣች። ቅዳሜ ገብታ፣ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት በሚነሳው አውቶቡስ ልትመለስ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ይሄን መንገድ ዳግመኛ እንደማትመጣው እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል፣ አላወሩትም እንጂ።

ጠዋት ገበያ አዞራት። አዞራት ከሚባል እሷ አዞረችው ቢባል ይሻላል። ቲማቲም ጨመቀች፣ ቅቤ አሸተተች፣ ድንች ሻጩን ስለ ድንች አስተማረችው፣ ጨርቅ ተራ ገብታ አሥራ ሁለት ቀሚስ አስወረደችና ሁሉም ቀለማቸው ይለቃል ብላ ወጣች። እንድሪያስ ባዶ ዘንቢል ይዞ፣ እያዛጋ፣ ከኋላ ከኋላዋ። አምስት ሰዓት ሲሆን ሐይቁ ዳር ደረሱ። እሱ ዓይኑን የጣለው የዛፉ ጥላ ላይ ነው። እግርሽን እዚህ ዳሩ ላይ ንከሪ፣ ቀዝቀዝ ይበልሽ፣ እኔም ትንሽ ጋደም ልበል አላት። እናቱ ምን ብትለው ጥሩ ነው?

«ዳርማ ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬበታለሁ። ሠርግ ብጠራ በር ጋ ነኝ፣ ለቅሶ ብሄድ የድንኳኑ ጫፍ ነኝ፣ አውቶቡስ ላይ እንኳን ግማሽ ቂጤ ወንበሩ ላይ የለም። ዛሬ መሃል ነው የምፈልገው። መሃሉን በእጄ ልንካውና ልሂድ።»

ነገሩ ሁሉ እንግዲህ ይቺው ናት። አንዲት እናት የሐይቁን መሃል በእጇ ልትነካ ፈለገች፣ በቃ።

ጋሽ ላላሞ የሚባል ባለጀልባ እሺ አላቸው። ዳመነች ገባችና አግዳሚውን በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀመጠች። ጋሽ ላላሞ መቅዘፊያውን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው። ለምን? የጀልባው አፍንጫ ላይ አባ ኮዳ ቆሟል። አባ ኮዳ ያ ራሱ የተመለጠው፣ አንገቱ ስር ኮሮጆ ያንጠለጠለው፣ ቁመቱ የሰው ደረት የሚደርስ ወፍ ነው። ትከሻውን ሰብስቦ፣ ጡረታ እንደወጣ ዳኛ ዳመነችን ቁልቁል ያያታል።

እንድሪያስ እሽ ሊለው እጁን ሲያነሳ ጋሽ ላላሞ እጁን ያዘው። ይሄ ወፍ በግድ ካስነሱት ሆዱን የሚያራግፈው ተሳፋሪ ላይ ነው አለው። በቀደም አንዱን ሙሽራ ከነሱፉ አጥምቆታል። የአሳ አንጀት ሲጣልለት ብቻ ነው በጨዋ ደንብ የሚወርደው።

እንድሪያስ እናቱን እስከዚያ ውረጂ ቢላት ወይ ፍንክች። ወርዳ ሌላ ሰው ቦታዋን ቢይዝባትስ? እሱ ካልወረደ እኔም አልወርድም አለች። ወፉና እሷ ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

አባ ኮዳው አይወርድ፣ ጀልባው አይሄድ፣ እናቱ መሃሉን አትነካ።

እንድሪያስ አሳ ወደሚበለትበት ሮጠ። ረፍዶ ነበርና ሌላው ሁሉ ጨርሶ ሄዷል። እትዬ ማሪቱ ብቻ አንድ ገንዳ አሳ ፊቷ አስቀምጣ፣ እጇን አጣጥፋ፣ አሳዎቹን እንደተቀየመቻቸው ሁሉ ታያቸዋለች። እትዬ ማሪቱ፣ ትንሽ አንጀት ጣይልኝ አላት። ቢላዋን አነሳችና በአውራ ጣቷ ላይ ገዘገዘችው። ጣቷ ደህና ነው።

«አየኸው? ይሄ እኮ አሳውን አይቆርጥም፣ ያሸዋል እንጂ። ገበያ ውሰድና ሙዘይን ይሳልልኝ፤ አንጀቱን ከነጉበቱ እሰጥሃለሁ።»

ቢላው አይሳል፣ አሳው አይበለት፣ አባ ኮዳው አይወርድ፣ ጀልባው አይሄድ፣ እናቱ መሃሉን አትነካ።

እንድሪያስ ቢላውን ይዞ ወደ ገበያ ሮጠ። ቢላ ይዞ ለሚሮጥ ሰው መንገድ እንዴት እንደሚለቀቅ ያን ቀን አወቀ። በሕይወቱ ሙሉ እንደዚያ ተከብሮ አያውቅም። አንድ ባለ ዶሮ ብቻ ምን አስቦ እንደሆነ ዶሮዎቹን አቅርቦ፣ ባርክልኝ አለው።

ጋሽ ሙዘይን ቢላ የሚስለው አሮጌ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ነው። ብስክሌቱ መሬት ላይ ተተክሏል፤ ፔዳሉን ሲመታ በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ ማለት ነው፣ የታሰረ ድንጋይ ይዞራል፣ ቢላ ይሳላል። እንድሪያስ ሲደርስ ጋሽ ሙዘይን ኮርቻው ላይ ነው፣ ፔዳሉንም ይመታል፣ ድንጋዩ ግን ቀጥ ብሏል። ቺንጋው ተበጥሷል። ታዲያ ለምን ትመታዋለህ ጋሽዬ ቢለው፣ እግሬ ለምዶ ነው አለ። ከዚያ የማን ቢላ እንደሆነና ምን እንደሚያስቸኩለው ጠየቀው። እንድሪያስ ትንፋሹን ሰበሰበ።

ቢላው አይሳል፣ አሳው አይበለት፣ አባ ኮዳው አይወርድ፣ ጀልባው አይሄድ፣ እማዬ መሃሉን አትነካ አለው።

ጋሽ ሙዘይን አሰበበት። ከዚያ አንድ ጨምርበት አለው። ድንጋዩ አይዞር፣ ቢላው አይሳል። በየነ ጋ ሂድና አንድ ጣት ስፋት ያላት ጎማ አስቆርጠህ አምጣ፣ ቺንጋ አደርጋታለሁ።

በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናት።

«የት ነው ያለኸው? ይሄ ወፍ አንድ እግሩን አጠፈ።»

እንድሪያስ እየሮጠ አስረዳት። ድንጋዩ አይዞር፣ ቢላው አይሳል፣ አሳው አይበለት፣ አባ ኮዳው አይወርድ፣ ጀልባው አይሄድ፣ አንቺ መሃሉን አትነኪ። እናቱ ሰምታ ሰምታ፣ ለመሆኑ ያንተ አእምሮ ነው ወይስ የከተማው ነው የተበላሸው አለችና ዘጋችበት። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

በየነ ከመኪና ጎማ ጫማ የሚሠራ ሰው ነው። እንድሪያስ ያገኘው የገዛ ሱቁ ፊት ለፊት፣ ድንጋይ ላይ፣ እግሩን አነባብሮ ነው። ጎማውም መቁረጫውም ውስጥ ነው፣ እሱ ውጪ ነው። የሱቁ በር ላይ የአህያ ጋሪ ተለጥፎ ቆሟል። በሩ ደግሞ ወደ ውጪ የሚከፈት ነው። ወደ ውስጥ እንዲከፈት አድርገህ አሠራው ብለውኝ ነበር አለ በየነ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው እንደተቀመጠ ነው። የሰማኸው ነገር አለ ወይ ብሎ እንድሪያስን ጠየቀው፣ ወሬ ናፍቆት። አለ እንጂ አለው እንድሪያስ።

በሩ አይከፈት፣ ጎማው አይቆረጥ፣ ድንጋዩ አይዞር፣ ቢላው አይሳል፣ አሳው አይበለት፣ አባ ኮዳው አይወርድ፣ ጀልባው አይሄድ፣ እማዬ መሃሉን አትነካ።

ከስድስተኛ ክፍል ካቆመ ወዲህ ይህን ያህል ነገር በቃሉ ይዞ አያውቅም። በየነ ደስ አለውና እንዲደግምለት ጠየቀው። ደገመለት። ለሦስተኛ ጊዜ ድገምልኝ ሲለው ግን እንድሪያስ ወደ ባለጋሪው ዞረ።

ባለጋሪው ሻሜቦ ይባላል። ጋሪው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ነበር። እንድሪያስ በቅናት አየው። ወንድሜ፣ ጋሪህን ሁለት እርምጃ ብቻ ገፋ አርግልኝ አለው። ሻሜቦ ኮፍያውን ሳያነሳ፣ እኔን ምን ትለኛለህ፣ እሱን ንገረው አለ። እሱ ማለት አህያው ነው። አህያው አንገቱን ወደ ፊት አድርጎ፣ ፊት ለፊት ያለችውን ጎመን ሻጭ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። እሁድ እሁድ የጎመን ቅጠል ትጥልለት ነበር፤ እሱን በልቶ ነው የሚነሳው። ዛሬ አልጣለችለትም። ሻሜቦ ገፍቶታል፣ ጎትቶታል፣ ለምኖታል፣ በመጨረሻም እንቅልፍ ይሻላል ብሎ ትቶታል።

እንድሪያስ የሚይዘው የሚጨብጠው ቢያጣ አህያው ጆሮ ስር ጎንበስ አለ።

አንተ አትራመድ አለው። አንተ አትራመድ፣ በሩ አይከፈት፣ ጎማው አይቆረጥ፣ ድንጋዩ አይዞር፣ ቢላው አይሳል፣ አሳው አይበለት፣ አባ ኮዳው አይወርድ፣ ጀልባው አይሄድ፣ እማዬ መሃሉን አትነካ። ደግ ነው?

አህያው ደግ ነው አላለም፣ ክፉም ነው አላለም። አንድ ጆሮውን አዞረ።

ስልኩ ጮኸ። ሰባት ሰዓት ተኩል።

«አሁን ደግሞ ዓይኑን ጨፈነ» አለች እናቱ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ተኝቶብኛል መሰለኝ። ጋሽ ላላሞም ተኝቷል። እኔ ብቻ ነኝ የነቃሁት። ልጄ፣ ካልሆነ ካልሆነ ተወው፣ ና። ዳሩን ነክቼ እሄዳለሁ፤ ምን ይደረግ፣ ለምጄዋለሁ።»

ይቺ ለምጄዋለሁ እንድሪያስ ላይ ወደቀች። ሃምሳ ብሎኬት በአንድ ጊዜ ከጀርባው ቢጭኑበት እንደዚያ አይከብደውም። እማዬ፣ ከዛች ጀልባ ብትወርጂ እኔን አያርገኝ ብሎ ስልኩን ዘጋና ጎመን ሻጯ ፊት ሄዶ ቆመ።

እማማ አስካለ ይሏታል። ጎመኗ ተከምሯል፣ ከጎኗ ደግሞ ከላይ ከላይ የተገነጠለው ቅጠል የራሱ ክምር ሠርቷል። ክምሩን ታቅፋ፣ ፊቷን አጨማዳ ተቀምጣለች። እንድሪያስ በትሕትና፣ እማማ፣ እባክዎ ለዚህ አህያ ጥቂት ቅጠል ይመርቁለት አላት።

ያችን ቃል ባይናገራት ይሻለው ነበር።

ይመርቁ? አለች እማማ አስካለ። ከንጋት ጀምሮ ያው ነው። ይመርቁኝ፣ ይመርቁኝ፣ ይመርቁኝ። አንዷ አንድ እስር ገዝታ ሁለት ቅጠል ትመረቃለች፣ አንዱ ቃሪያ ያስመርቃል፣ አንዱ ምንም ሳይገዛ ካሮት ይመረቃል። አርባ ዓመት ሙሉ ገበያውን ስትመርቅ ኖራለች። እሷን ማን መረቃት? ዛሬ የሚመርቃት እስክታገኝ ለአህያም አትመርቅም፣ ለሰውም አትመርቅም።

እንድሪያስ ደክሞታል፣ ርቦታል፣ ጭንቅላቱ ቆሟል። ኪሱ ገብቶ ፈለገ። ጠዋት ያስተረፋትን ግማሽ ዳቦ አወጣና፣ ይኸው ተመረቁ ብሎ ጎመኑ ላይ አስቀመጠላት።

እማማ አስካለ ዳቦውን አየችው። እሱን አየችው።

«ልጄ፣ እኔ ትርፍ ነገር አይደለም ያልኩት። በአፍህ ነው የምትመርቀኝ፣ በአፍህ። እድሜ ይስጥሽ፣ ጤና ይስጥሽ የሚባለውን።»

ኧረ እማማ፣ መመረቅ እኮ የሽማግሌ ነው፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው አላት። እሷም፣ ሽማግሌ መጠበቅ ሰልችቶኛል፣ ዛሬ ፊቴ ያለኸው አንተ ነህ አለችው።

ሻሜቦ ኮፍያውን አነሳ። በየነ የተቀመጠበትን ድንጋይ ይዞ ጠጋ አለ። ጋሽ ሙዘይን ያለ ቺንጋ ሲጋልብ ቆይቶ ሰልችቶት መጥቷል። ሽንኩርት ሻጮቹም አንገታቸውን አሰገጉ። እንድሪያስ ጊዜ ለመግዛት፣ እማማ፣ ነገሩ እንዲህ ነው ብሎ ጀመረ፤ ቅጠሉ አይወድቅ። ከዚያ ወዲያ ብቻውን አላለውም። በየነ ከአንዴም ሁለቴ ሰምቷልና አብሮት ያዘ፣ ጋሽ ሙዘይንም ገባበት፣ ሻሜቦም የራሱ ተራ ሲደርስ ጮክ አለ።

ቅጠሉ አይወድቅ፣ አህያው አይራመድ፣ በሩ አይከፈት፣ ጎማው አይቆረጥ፣ ድንጋዩ አይዞር፣ ቢላው አይሳል፣ አሳው አይበለት፣ አባ ኮዳው አይወርድ፣ ጀልባው አይሄድ፣ እናቱ መሃሉን አትነካ።

እናቱ ያለው በየነ ነው፤ እንድሪያስ እማዬ ነው ያለው።

እማማ አስካለ ሰማች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ አዘነችም። ግን፣ እሺ፣ ታዲያ መርቀኛ አለች።

እንድሪያስ ኮፍያ የለውም እንጂ ያወልቅ ነበር። እጁን ወደ ሰማይ አነሳ። ምርቃት ፈለገ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ብቻ አገኘ። እሱንም የሰማው ሠርግ ላይ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ፣ እሱ ደግሞ ወጡ እስኪቀርብ ሲጠብቅ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ እንደወረደ ለቀቀው።

«ውለዱ፣ ክበዱ፣ እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ።»

እማማ አስካለ ሰባ ዓመቷ ነው፣ ባሏ ከሞተ አሥራ ምናምን ዓመት ሆኖታል። ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ያድርጋችሁ? እኔንና ማንን?»

እንድሪያስ ዓይኑን ገለጠ። ግራ ቀኝ አየ። እሷ ላይ ዓይኑን የተከለ አንድ ብቻ አለ። ያ አንዱ ደግሞ ልክ በዚያች ሰዓት፣ ማን እንደጠራው እንጃ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ አናፋ።

ከዚያ በኋላ ማን እንደሳቀ አይጠየቅም። ሻሜቦ ከጋሪው ወደቀ። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ እልል አለች። ጋሽ ሙዘይን አሚን፣ አሚን እያለ ሆዱን ያዘ። እማማ አስካለ በመጀመሪያ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው፣ ከዚያ አልቻለችም፣ ጎመኗ ላይ ተደፋች። ስትነሳ እንባዋን በቅጠል ጠረገች።

«ሣራ እኮ የወለደችው በዘጠና ዓመቷ ነው» አለች። «እኔ ገና ሃያ ዓመት አለኝ። አሜን ብያለሁ።»

አለችና የቅጠሉን ክምር በሁለት እጇ አቅፋ መሬት ላይ ወረወረችው፣ ለሙሽራው ብላ።

ቅጠሉ ወደቀ፣ አህያው ተራመደ። አህያው ተራመደ፣ በሩ ተከፈተ። በሩ ተከፈተ፣ ጎማው ተቆረጠ፣ በየነ እየሳቀ ስለቆረጠው ትንሽ ጠመመ። ጎማው ተቆረጠ፣ ድንጋዩ ዞረ። ድንጋዩ ዞረ፣ ቢላው ተሳለ፣ ጋሽ ሙዘይን በጸጉር ሞክሮ አሳየው። እንድሪያስ ሮጠ፤ መንገዱ አሁንም ተለቀቀለት። ቢላው ተሳለ፣ አሳው ተበለተ፣ እትዬ ማሪቱ ቃሏን ጠብቃ አንጀቱን ከነጉበቱ ዳሩ ላይ በተነችው። አባ ኮዳው አንድ ዓይኑን ገለጠ። ሁለተኛውን ገለጠ። ዳመነችን ለመጨረሻ ጊዜ አያት፣ ክንፉን ዘረጋ፣ ወረደ። አንጀቱን በአንድ ጉርሻ አደረገውና ወደ ጀልባው ዞሮ ተመለከተ። ጋሽ ላላሞ ግን ነቅቶ ነበር፤ በሠላሳ ዓመት ሥራው እንደዚያ ቀዝፎ አያውቅም። እንድሪያስ ውኃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ነው ጀልባዋ ላይ የተንጠላጠለው።

ጀልባው ሄደ።

መሃል ሲደርሱ ጋሽ ላላሞ መቅዘፊያውን አነሳ። ጀልባዋ ቆመች። ስምንት ሰዓት ተኩል አልፏል። ዳመነች ዙሪያዋን አየች፤ በየትኛውም በኩል ዳሩ ሩቅ ነው። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ እጇን ውኃው ውስጥ ከተተችና እዚያው ተወችው። እንድሪያስ ምን እንደምትል ይጠብቃል፣ እሷ ግን ውኃውን ብቻ ወዲያና ወዲህ ታደርገዋለች። አንድ ጊዜ ፈገግ ያለች መሰለው።

ከዚያ ድንገት ማጅራቱን ይዛ ጎንበስ አደረገችው፣ በሐይቁ መሃል ውኃም ከጆሮው ጀርባ ታሸው ጀመር።

«ይሄ ሁሉ ሲሚንቶ» አለች። «ከጆሮህ ስር አንድ ክፍል ቤት ይወጣል እኮ።»

ጋሽ ላላሞ ፊቱን አዞረላቸው። እንድሪያስ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ አንገቱን እንደ ሕፃን ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፈነ። አንደኛውን ጆሮ ጨርሳ ወደ ሌላው ስታልፍ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። አልቀሰቀሰችውም። ጭኗ ላይ አስተኛችውና ቀስ በል አለችው ጋሽ ላላሞን፣ እዚሁ መሃል እንቆይ።

አውቶቡሱስ? ዘጠኝ ሰዓት የሚለው አውቶቡስ ሳይሞላ ሄዶ ያውቃል እንዴ? አሥር ተኩል ላይ ሲነሳ እሷ ከሁሉም ቀድማ ገብታ ተቀምጣ ነበር፣ በሁለቱም ቂጧ።

ተረቴን በላችኋት፤ አፌን ግን በዳቦ ሳይሆን በሎሚ አብሱልኝ፣ አሳ አሳ ይላል።